ማይክሮፎኑን የማይለቁ ዘፈኖች

ዳይሱኬ ኢኖዌ በጃፓኗ ኮቤ ከተማ መጠጥ ቤቶች እየተዘዋወረ የሚጫወት ሙዚቀኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1971 የ100 የን ሳንቲም ሲጎርስ ድምፃዊ የሌለበት ሙዚቃ የሚያሰማ የካራኦኬ ማሽን ሠራ፤ 11 አሰናድቶም ለመጠጥ ቤቶች አከራየ። የፈጠራ መብቱን ግን አላስመዘገበም።

በመጠጥ ቤት ማይክሮፎኑ የሁሉም ነው። የማያውቁት ሰው ተራውን እየጠበቀ ረጅም ዘፈን መምረጥ ድፍረት ይጠይቃል፤ ያውም የዘፋኙን የሀሩዎ ሚናሚን «ታዋራቦሺ ጌንባ»። በ1964 የወጣው ይህ ዘፈን ከስምንት ደቂቃ በላይ ይረዝማል፤ የ47ቱን ሳሙራዮች የበቀል ታሪክ ተከትሎ ስለ አንድ ጦር አዋቂ ይተርካል። ሚናሚ ቀድሞ ሻሚሴን በተባለ ባለክር የሙዚቃ መሣሪያ ታጅቦ ታሪክ የሚያወራ የሮክዮኩ ባለሙያ ስለነበር ዜማውን መሃል ላይ ገታ አድርጎ ወደ ትረካ ይገባል። ይህን የሚመርጥ ሰው ጥሩ ድምፅ ብቻ አይበቃውም፤ ተዋናይም መሆን አለበት።

በ1985 በኦካያማ የጭነት ኮንቴይነር ወደ ካራኦኬ ክፍልነት ተለወጠ። እንዲህ ያሉት ክፍሎች ሲስፋፉ ክፍያው በሰዓት ሆነ፤ የዘፈን ርዝመትም የጓደኛሞች ጉዳይ ብቻ ሆኖ ቀረ።

በ1993 የሮክ ባንዱ የኤክስ ጃፓን «አርት ኦፍ ላይፍ» መጣ፦ 29 ደቂቃ! ከመሃሉ ረጅሙ ክፍል ግጥም የሌለው ፒያኖ ነው፤ ዘፋኙ እራቱን ሊጨርስበት ይችላል። ዛሬ በቶኪዮ ለአንድ ሰው ብቻ የተሠሩ ጠባብ የካራኦኬ ክፍሎች አሉ። ይህ ዘፈን ያማረው ሰው ወደዚያ ቢሄድ ይሻላል።