ዉርሊትዘር 1015 ጁክቦክስ
ኖርዝ ቶናዋንዳ፣ ኒው ዮርክ፤ 1946 እ.ኤ.አ.

በፖል ፉለር ንድፍ የተሠራው ይህ ውብ ጁክቦክስ 24 ሸክላዎች ይይዛል። ሳንቲም ገብቶ ዘፈን ሲመረጥ ሸክላው ከድርድሩ ወደ ጎን ይወጣል፤ ማዞሪያው ከሥሩ ተነሥቶ ወደ መርፌው ያደርሰዋል። ይህን በመስታወቱ በኩል ማየት ከዘፈኑ አያንስም።

አምፕሊፋየሩ የሚሠራው በቫኩም ቱቦዎች ስለሆነ ቱቦዎቹ እስኪግሉ ድረስ ድምፅ አይሰጥም። ዝም አለ ተብሎ ደጋግሞ ማጥፋትና ማብራት ይጎዳዋል። ለአሜሪካ የኤሌክትሪክ መስመር የተሠራ በመሆኑ 220 ቮልት ላይ የሚሰካው በትራንስፎርመር ብቻ ነው። ለዓመታት ሳይሠራ የቆየ ከሆነ ደግሞ ያረጁት ካፓሲተሮች ሳይፈተሹ አይበራም።

የሚጠፋው ሸክላው ተጫውቶ ወደ ቦታው ከተመለሰ በኋላ ነው። ሶኬቱ ከተነቀለም በኋላ ካፓሲተሮቹ ሰው የሚገድል ኤሌክትሪክ አምቀው ሊቆዩ ይችላሉ። እባክዎ የጀርባውን ክዳን አይንኩ።