የጌም እገዳና ይግባኙ

የእህቴ ልጅ ከዲላ ደውሎ «ጋሼ፣ ይግባኝ ይጻፉልኝ» ሲለኝ የመሬት ክርክር መስሎኝ ነበር። ለካስ ሁለት ዓመት የደከመበት የጌም አካውንቱ ታግዶ ኖሯል! የተሰጠው ምክንያት አንድ መስመር ነው፦ «ደንብ ጥሰሃል»።

ለመሆኑ እገዳው እንዴት ይሠራል? አንዳንዱ ለቀናት፣ ሌላው ለዘለቄታው ነው። ከሳሹ ብዙውን ጊዜ ማጭበርበርን የሚከታተል ሶፍትዌር ወይም የሌሎች ተጫዋቾች ጥቆማ ሲሆን፣ ይግባኙን የሚያየው ደግሞ ያው ያገደው ኩባንያ ነው። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 20(6) የይግባኝ መብት የሚናገረው ስለ ፍርድ ቤት ነው፤ እዚህ ገዢው ሳናነብ «እስማማለሁ» ያልነው ውል ነው። ቫልቭ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሶፍትዌሩ በማጭበርበር ለጣለው እገዳ ድርድር አያውቅም። ይሁንና በ2010 (እ.ኤ.አ.) ወደ 12,000 ተጫዋቾችን በስህተት አግዶ፣ እገዳውን አንስቶ ይቅርታ ጠይቋል።

ልጁ በሚኖርበት በጌዴኦ፣ የሶንጎን ውሳኔ አልቀበልም ያለ ሰው ከማኅበራዊ ኑሮ ይገለላል፤ ከባድ ቅጣት ነው። ነገር ግን ባለጉዳዩ ሽማግሌዎቹ ፊት ቀርቦ ይናገራል፤ ቅር ካለውም ነገሩ እስከ አባ ገዳው ይዘልቃል።

እኔም አጭር ደብዳቤ ጻፍኩለት፦ የአካውንቱ ስም፣ የታገደበት ቀን፣ «የትኛው ድርጊቴ የትኛውን ደንብ እንደጣሰ ይገለጽልኝ» የሚል ጥያቄ። ስድብም ልመናም የለበትም። ደጋግሞ እንዳይልክ አስጠንቅቄዋለሁ። መልሱን እየጠበቅን ነው።