አስቀድሞ ስሙን ያስመዘገበ አንባቢ

የአገራችንን የብራና መጻሕፍት ገልጠው የተመለከቱ ሁሉ እንደሚያውቁት፣ በብዙዎቹ መጨረሻ ላይ ሁለት ስሞች ይገኛሉ። አንደኛው የጻፈው የጸሐፊው፣ ሁለተኛው በገንዘቡ ያጻፈው የባለጸጋው ስም ነው። አንባቢውና ሰሚው ከምርቃቱ ይካፈላሉ እንጂ ስማቸው አይጠራም። በአውሮፓም ቢሆን ለብዙ ዘመናት ነገሩ ከዚህ እጅግ የራቀ አልነበረም። ደራሲ የሚባለው ሰው በአንድ መስፍን ወይም በአንድ ጳጳስ ደጅ ሲጠና ይኖር ነበር። የመጽሐፉንም የመጀመሪያ ገጽ ለጌታው በምስጋና ቃል ይሞላዋል፤ ጌታውም ደስ ሲለው ይሸልመዋል፣ ሲሰለቸው ይረሳዋል።

ይህ ልማድ በእንግሊዝ አገር ቀስ በቀስ የተለወጠበት አንድ መንገድ አለ፤ እኛም በዚህ ጽሑፍ ልንመለከተው ያሰብነው ይህንኑ ነው። መንገዱ አንባቢዎች ራሳቸው፣ መጽሐፉ ገና ሳይታተም፣ ስማቸውን አስመዝግበው ደራሲውን የሚመርጡበትና የሚያበረታቱበት ሥርዓት ነበር። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢዎቻችን ይረዱልን።)

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ደራሲው መጽሐፉ ስለ ምን እንደሚናገር፣ ስንት ገጽ እንደሚሆን፣ በምን ዓይነት ወረቀት እንደሚታተምና ዋጋው ስንት እንደሆነ የሚገልጽ ማስታወቂያ ያወጣል። ማስታወቂያው በመጻሕፍት መሸጫዎች ይቀመጣል፤ በጋዜጣም ይወጣል። መጽሐፉን የፈለገ ሰው ስሙን ያስመዘግብና ብዙ ጊዜ የዋጋውን እኩሌታ ያህል ይከፍላል፤ የቀረውን መጽሐፉን ሲረከብ ይጨምራል። ስሙም ከነማዕረጉ በመጽሐፉ መግቢያ ላይ በፊደል ተራ ይታተምለታል። የተመዝጋቢው ቍጥር ካልሞላ ግን አታሚው ሥራውን አይጀምርም።

በ1697 ዓ. ም. ጆን ድራይደን የሮማውን ባለቅኔ የቪርጊልን ሥራ ተርጕሞ ሲያሳትም፣ ተመዝጋቢዎቹን በሁለት ማዕረግ ከፈላቸው። አምስት ጊኒ የከፈሉት አንድ መቶ ያህል ሰዎች እያንዳንዳቸው ስማቸውና የቤተ ሰባቸው አርማ በአንድ በአንድ ሥዕል ግርጌ ተቀረጸላቸው፤ ሁለት ጊኒ የከፈሉት ግን ስማቸው ብቻ በዝርዝር ውስጥ ገባ። የባላባትን ኩራት ለሥነ ጽሑፍ ጥቅም ማዋል ነበር ብንል ከእውነት አንርቅም።

ከሁሉ ይልቅ በዚህ ሥርዓት ኑሮውን ያቀናው አሌክሳንደር ፖፕ ነው። ፖፕ ካቶሊካዊ በመሆኑ በዘመኑ ሕግ የመንግሥት ሹመት ተከልክሎ፣ የዩኒቨርሲቲም በር ተዘግቶበት የነበረ ሰው ነው። በ1713 ዓ. ም. የሆሜርን ኢልያድ ወደ እንግሊዝኛ እንደሚመልስ አስታወቀ፤ መጽሐፉም በስድስት ክፍል ከ1715 እስከ 1720 ዓ. ም. ታትሞ ወጣ። የእያንዳንዱ ክፍል ዋጋ አንድ ጊኒ ነበር። ወዳጁ ጆናታን ስዊፍት በቤተ መንግሥት አዳራሽ እየተዘዋወረ መኳንንቱን ስማቸውን እንዲያስመዘግቡ ይወተውታቸው ነበር ይባላል። የተመዘገቡት ሰዎች 575 ያህል ነበሩ። ፖፕም ከዚህ ሥራ ባገኘው አምስት ሺሕ ፓውንድ ያህል በቴምዝ ወንዝ አጠገብ መኖሪያ ይዞ፣ ለማንም ጌታ ሳያጐበድድ ዕድሜውን ጨረሰ።

ነገር ግን እምነት በሁለት ወገን የሚጠበቅ ነገር ነው። ይኸው ፖፕ ኋላ ኦዲሲን ሲያሳትም ከሃያ አራቱ መጻሕፍት እኩሌታውን ሌሎች ሁለት ሰዎች ተርጕመውለት ሳለ፣ የእነርሱን ድርሻ ለተመዝጋቢዎቹ በሙሉ አልገለጠም። ሳሙኤል ጆንሰንም በ1756 ዓ. ም. ለሼክስፒር ሥራዎች ኅትመት ገንዘብ መሰብሰብ ጀምሮ መጽሐፉን ያወጣው በ1765 ዓ. ም. ነው። የተመዝጋቢዎቹ ዝርዝር ለምን እንዳልታተመ በተጠየቀ ጊዜም ስማቸውን እንደ ጣለው፣ ገንዘባቸውንም እንደ ጨረሰው ሳያፍር ተናግሯል። ዘጠኝ ዓመት የጠበቀው አንባቢ በዚህ ቀልድ ምን ያህል እንደ ሳቀ መገመት አያዳግትም።

በስኮትላንድ የሮበርት በርንስ ታሪክ ከዚህ ይልቅ ደስ የሚያሰኝ ነው። በርንስ በ1786 ዓ. ም. ድኻ ገበሬ ነበር፤ አገሩንም ትቶ ወደ ጃማይካ ሊሰደድ ቈርጦ ነበር። ወዳጆቹ ዝርዝሩን ይዘው እየዞሩ ስም ሰበሰቡለትና በኪልማርኖክ ከተማ 612 ቅጂ በሦስት ሺሊንግ ዋጋ ታተመለት። መጽሐፉ በጥቂት ጊዜ ውስጥ አለቀ፤ ባለቅኔውም ጕዞውን ተወ። በሚቀጥለው ዓመት በኤዲንበርግ ለወጣው ማኅተም 1,500 ያህል ሰዎች ተመዘገቡ። በርንስ ጃማይካ ቢሄድ ኖሮ ይጠብቀው የነበረው ሥራ በባሮች ጕልበት በሚለማ እርሻ ላይ ሒሳብ ያዥነት ነበር። አንባቢዎቹ ከስደት ብቻ ሳይሆን ከዚህም አድነውታል።

ከበርንስ ጥቂት ዓመታት አስቀድሞ ግን፣ ከእነዚያው ባሮች ወገን የሆነች አንዲት ባለቅኔ በዚሁ ሥርዓት ዕድሏን ሞክራ ነበር። ፊሊስ ዊትሊ በ1761 ዓ. ም. ከምዕራብ አፍሪቃ በመርከብ ተጭና ቦስተን ስትደርስ ዕድሜዋ ሰባት ዓመት ያህል ነበር። ስሟም እንኳ የራሷ አይደለም፤ ፊሊስ የተባለችው ባመጣት መርከብ ስም፣ ዊትሊ የተባለችው በገዛት ቤተ ሰብ ስም ነው። በዚያ ቤት ማንበብና መጻፍ ተማረች፤ ወጣትም ሳለች ግጥም መግጠም ጀመረች። በ1772 ዓ. ም. ለግጥሞቿ መድበል በቦስተን ማስታወቂያ ወጣ፤ የሚበቃ ተመዝጋቢ ግን አልተገኘም።

መጽሐፉ በሚቀጥለው ዓመት በለንደን ታተመ። በመግቢያውም ላይ ግጥሞቹ የእርሷ ለመሆናቸው የሚመሰክር ጽሑፍ ወጣ፤ የፈረሙበትም የቦስተን ታላላቅ ሰዎች 18 ነበሩ። ከእነርሱም መካከል አገረ ገዢው ቶማስ ሃቺንሰንና ኋላ በአሜሪካ የነጻነት ሰነድ ላይ የፈረመው ጆን ሃንኮክ ይገኛሉ። ይህ እጅግ ያስደንቀናል። ቦስተን ለደራሲዋ ስሟን አልነፈገችም፤ ነገር ግን ስሙን የሰጠችው በገዢነት ሳይሆን በምስክርነት ነበር። የነጭ ባለቅኔ አንባቢ የሚጠየቀው ግጥሙን ይወደው እንደሆነ ነው፤ የዊትሊ አንባቢ ግን አስቀድሞ ይህን የጻፈችው በእርግጥ እርሷ ናትን ብሎ ይጠይቅ ነበር።

ዊትሊ ከለንደን ተመልሳ በዚያው ዓመት ነጻ ከወጣች በኋላ ለመጽሐፏ ገዢ ስትፈልግ የጻፈቻቸው ደብዳቤዎች ዛሬም አሉ። በጥቅምት ወር 1773 ዓ. ም. ኒው ሄቨን ለሚኖረው ለዴቪድ ዉስተር ስትጽፍ፣ ከሽያጩ እኩሌታው የእርሷ ድርሻ መሆኑን ገልጻ፣ ወዳጆቹ እንዲመዘገቡላት እንዲያደርግ፣ በዚያ ያሉ አታሚዎችም መጽሐፉን ያለ ፈቃድ እንዳያትሙባት እንዲከላከልላት ትለምነዋለች። በዚያው ወር ለአንዲት ወዳጇ ለኦቡር ታነር ማስታወቂያውን ልካ፣ የቻለችውን ያህል ስም እንድትሰበስብላት ጠይቃታለች። ኦቡር ታነር በኒውፖርት ከተማ በባርነት የምትኖር ሴት ነበረች። የራሷ ገንዘብ የሌላት፣ በራሷ ጊዜ የማታዝዝ ሴት ለወዳጇ ድርሰት ተመዝጋቢ ፍለጋ የወጣችበትን ይህን ነገር ስናስብ፣ ስዊፍት በቤተ መንግሥት ያደረገው ውትወታ ቀላል ሆኖ ይታየናል።

በ1779 ዓ. ም. ዊትሊ ሁለተኛ መድበል አስታወቀች። ሦስት መቶ ገጽ ያህል የሚሆን፣ 33 ግጥሞችና 13 ደብዳቤዎች የሚገኙበት፣ ለቤንጃሚን ፍራንክሊን የሚበረከት መጽሐፍ ነበር። ጊዜው የጦርነት ጊዜ ነው፤ ገንዘብ ረክሷል፤ ሕዝቡም በእንጀራ ተጨንቋል። ተመዝጋቢው አሁንም አልሞላም። ዊትሊ በ1784 ዓ. ም. በታኅሣሥ ወር በድኽነት ሞተች፤ የእጅ ጽሑፉም የደረሰበት አልታወቀም። አንዳንድ ግጥሞች በኋላ ዘመን በየቦታው ተገኝተዋል፤ መጽሐፉ ግን እስከ ዛሬ የለም። በእኛ አስተያየት የዚህ ሥርዓት ኀይል ከፖፕ ሀብት ይልቅ በዚህ ጥፋት ይታያል። አንባቢ ስሙን ሲሰጥ የሚወለደው መጽሐፍ ይታያል፤ ሲነፍግ የሚሞተውን ግን ማንም አያየውም።

በለንደን በዚያው ዘመን ሌላ ነገር ይሠራ ነበር። ኢግናቲየስ ሳንቾ የሚባል በባርነት የተወለደ፣ ኋላም በለንደን ሱቅ ከፍቶ የኖረ ጥቁር ሰው በ1780 ዓ. ም. ሲሞት፣ ደብዳቤዎቹ ተሰብስበው ከሁለት ዓመት በኋላ ታተሙ። የተመዘገቡት ሰዎች ከ1,100 በላይ ነበሩ፤ ትርፉም ለባልቴቱና ለልጆቹ ዋለ። ከዚህም ኦላውዳ ኢክዊያኖ ብዙ የተማረ ይመስለናል።

ኢክዊያኖ ራሱ እንደ ጻፈው የተወለደው ዛሬ ናይጄሪያ በምትባለው አገር በኢግቦ ሕዝብ መካከል ነው። (በኋላ የተገኘ የጥምቀት መዝገብ ትውልዱን አሜሪካ ስለሚያደርገው፣ ሊቃውንት ዛሬም ይከራከሩበታል።) በ1766 ዓ. ም. ገንዘብ ከፍሎ ነጻነቱን ገዛ። በ1789 ዓ. ም. የሕይወቱን ታሪክ ሲያሳትም መጽሐፉን ለአሳታሚ አልሸጠም፤ መብቱን በእጁ ይዞ ራሱ ተመዝጋቢ ሰበሰበ። በመጀመሪያው ማኅተም የተመዘገቡት 311 ናቸው፤ በአናቱም ላይ የዌልስ ልዑልና የዮርክ መስፍን ይገኛሉ። ከዚያ በኋላ በእንግሊዝ፣ በስኮትላንድና በአየርላንድ ከከተማ ወደ ከተማ እየዞረ የባሪያ ንግድ እንዲቀር ሲናገርና መጽሐፉን ሲሸጥ ኖረ፤ በአየርላንድ ብቻ 1,900 ቅጂ መሸጡን ራሱ ጽፏል። እስከ 1794 ዓ. ም. ድረስ መጽሐፉ ዘጠኝ ጊዜ ታተመ፤ በየማኅተሙም አዲስ የከተማ ሰዎች ስም ይጨመር ነበር።

ይህ ዝርዝር ገንዘብ ብቻ አላስገኘለትም። በ1792 ዓ. ም. የለንደን ጋዜጦች ኢክዊያኖ በአፍሪቃ አልተወለደም፣ በካሪብ ባሕር ባለች ደሴት ነው እንጂ ብለው በጻፉ ጊዜ፣ እርሱ በሚቀጥለው ማኅተም መግቢያ ላይ የሚያውቁትን ሰዎች ደብዳቤ ከተመዝጋቢዎቹ ዝርዝር ጋር አወጣ። ሐሰተኛ ነው የሚለው ሁሉ ከእርሱ ጋር ብቻ ሳይሆን ከጳጳሳቱ፣ ከሸክላ ሠሪው ከጆሳያ ዌጅዉድና ስማቸውን ከሰጡት ከእነዚያ ሁሉ ጋር መሟገት ነበረበት።

የባሪያ ንግድ በእንግሊዝ ሕግ የተከለከለው በ1807 ዓ. ም. ነው፤ ኢክዊያኖ ከዚያ አሥር ዓመት በፊት ሞቷል። የመጀመሪያውን ማኅተም ዝርዝር ለሚያነብ ሰው ከልዑላኑና ከመኳንንቱ ዝቅ ብሎ፣ በፊደሉ ተራ፣ ማዕረግ የሌላቸው ሁለት ስሞች ይገኛሉ። አንደኛው እንደ እርሱ ከባርነት ወጥቶ መጽሐፍ የጻፈው ኦቶባ ኩጎአኖ ነው። ሁለተኛው የኢግናቲየስ ሳንቾ ልጅ ዊልያም ነው፤ በአባቱ መጽሐፍ ጊዜ የሌሎችን ስም የተቀበለው ቤት፣ ከሰባት ዓመት በኋላ የራሱን ስም ለሌላው አበደረ።