ዓይን ውስጥ ከመግባቱ በፊት፦ ኩል፣ ጠብታ፣ ቅባትና መነፅር በጥንቃቄ መምረጥና መጠቀም

ሐረር ውስጥ በጠቅላላ ሐኪምነት ስሠራ ለዓይን ሕመም የሚመጡ ቤተሰቦችን አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦ «ቤት ያለውን ለዓይን የምትጠቀሙበትን ነገር ሁሉ ይዛችሁ ኑ።» በማግሥቱ ፌስታሉ ሲከፈት ይዘቱ ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው። ግማሹ ያለቀ የቴትራሳይክሊን ቅባት፣ ጽሑፉ የለቀቀ የጠብታ ጠርሙስ፣ ከገበያ የተገዛ ወይም ከውጭ አገር የመጣ ኩል፣ የአያት የማንበቢያ መነፅር፣ አንዳንዴም ለሠርግ የተገዛ ባለ ቀለም ኮንታክት ሌንስ ይወጣል።

ከእነዚህ ውስጥ አብዛኞቹ ለሚገባው ሰው በሚገባው ጊዜ ሲውሉ ይጠቅማሉ። ጉዳት የሚመጣው ለአንዱ የታዘዘው ለሌላው ሲሰጥ ወይም ምንነቱ ያልታወቀ ነገር ዓይን ውስጥ ሲገባ ነው። የቀላ ዓይን ሁሉ አንድ በሽታ አይደለም፤ ስለዚህም ለቀላ ዓይን ሁሉ የሚሆን አንድ መድኃኒት የለም።

ማንኛውንም ነገር ዓይን ውስጥ ከማስገባትዎ በፊት ሦስት ጥያቄ ይጠይቁ፦

• ይህ ምንድን ነው? ስሙና ይዘቱ ተጽፎበታል?
• ለማን ታዘዘ? ለዚህ ሕመም ነው ወይስ ለሌላ?
• መቼ ተከፈተ? የአገልግሎት ጊዜውስ አላለፈም?

አንዱን እንኳ መመለስ ካልቻሉ አይጠቀሙበት።

ኩል

ኩል በሐረር ከውበትም በላይ የባህል ነገር ነው። ሙሽራ ትኳላለች፤ ሕፃንም «ዓይኑ እንዲያምር፣ ከሰው ዓይን እንዲጠበቅ» ተብሎ ይኳላል። የሐኪሙ ጥያቄ ኩሉ ከምን ተሠራ የሚለው ነው።

አንዳንዱ ኩል ከጥላሸት ወይም ከከሰል ይዘጋጃል። ሌላው ደግሞ ጋሌና ከሚባል ድንጋይ ይፈጫል። ጋሌና እርሳስና ድኝ የተዋሃዱበት ማዕድን ነው። (እርሳስ ስል የምንጽፍበትን ሳይሆን በመኪና ባትሪ ውስጥ ያለውን ብረት ማለቴ ነው።) ሁለቱም ኩሎች ጥቁር ስለሆኑ በማየትም ሆነ በማሽተት አይለዩም። «ኢስሚድ» ወይም «ሱርማ» የሚለው ስምም ዋስትና አይሆንም፤ በእነዚህ ስሞች ከተሸጡና ከተመረመሩ ኩሎች ውስጥ እርሳስ የተገኘባቸው አሉ።

አያቶች «እኛም ተኩለን ነው ያደግነው፣ ምን ሆንን?» ይሉኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የእርሳስ ጉዳት ግን ዓይን ላይ አይታይም። ሕፃኑ ዓይኑን ያሻል፣ ጣቱን ይጠባል፣ እርሳሱም በሆዱ በኩል ወደ ደሙ ይገባል። በዋናነት የሚጎዳው በማደግ ላይ ያለውን አእምሮ ነው። ልጁ ትኩረቱ ሊቀንስ፣ በትምህርቱ ሊደክም፣ ደም ማነስም ሊይዘው ይችላል፤ ምክንያቱ ኩሉ መሆኑን ግን ማንም ላይጠረጥር ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው ጉዳት የማያደርስ ተብሎ የሚታወቅ የእርሳስ መጠን የለም።

ስለዚህ፦

• ሕፃናትንና ልጆችን ኩል አይኳሉ። ለቡራኬ የሚደረግ ከሆነ ጸሎቱንና ምርቃቱን ይዘው ኩሉን ይተዉት።
• ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ምንነቱ ያልታወቀ ኩል አትኳል። እርሳስ ከእናት ወደ ጽንስ ይተላለፋል።
• አዋቂዎች የሚኳሉ ከሆነ ይዘቱና አምራቹ የተጻፈበትን ይምረጡ፤ ኩሉንም መኳያውንም ለብቻ ይያዙ። በመኳያ እንጨት ከአንዱ ዓይን ወደ ሌላው ጀርም ይተላለፋል። ሙሽራና ሚዜዎች በአንድ መኳያ ባይኳሉ ይመረጣል።
• ዓይን በሚቀላበት ወይም ዓይናር በሚያወጣበት ጊዜ ኩልም ሆነ ማስካራ አይጠቀሙ። ማስካራ ከተከፈተ ከ3 ወር በኋላ ይጣላል።

ልጅዎ ለረጅም ጊዜ ሲኳል ከቆየ አይደንግጡ። ኩሉን ያቁሙ፣ እጁን ቶሎ ቶሎ ያጥቡ፣ ለሐኪምም ይንገሩ።

የቴትራሳይክሊን ቅባት

በአገራችን የዚህን ቅባት ያህል በየቤቱ የሚገኝ የዓይን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል። ለአራስ ሕፃን እንደተወለደ አንድ ጊዜ በሁለቱም ዓይኑ ይቀባል። ለትራኮማ (ለዓይን ማዝ) ደግሞ በቀን 2 ጊዜ ለ6 ሳምንት ይታዘዛል፤ በተለይ በዘመቻ የሚሰጠውን አዚትሮማይሲን መውሰድ ለማይችሉ ሰዎች።

ሦስት ስህተቶችን ደጋግሜ አያለሁ። የመጀመሪያው የቆዳውን ቅባት ለዓይን ማድረግ ነው። ቱቦዎቹ ይመሳሰላሉ፤ የዓይኑ 1% የሚል ሲሆን «ለዓይን» ተብሎም ይጻፍበታል፣ የቆዳው 3% ነው። ሁለተኛው ዓይኑ ሲሻለው በ3ኛው ቀን ማቋረጥ ነው። ሦስተኛው በአለርጂ ለሚያሳክክ ዓይን መቀባት ነው፤ ቅባቱ ጀርም ይገድላል እንጂ አለርጂን አያድንም።

ከተቀቡ በኋላ ለጥቂት ደቂቃ ዓይን መደብዘዙ የተለመደ ነው። ስለዚህ ማታ ከመተኛት በፊት መቀባት ይመቻል፤ እንደተቀቡ ባጃጅ ወይም መኪና አይንዱ።

ከፌስታሉ ውስጥ ከሁሉ የሚያስፈራኝ፦ የስቴሮይድ ጠብታ

ብዙ ጊዜ ታሪኩ እንዲህ ነው። የ8 ወይም የ9 ዓመት ልጅ ዓይኑን ያሳክከዋል፣ ይቀላል፣ ፀሐይ ይከብደዋል፣ ቀጭን ነጭ ክር የመሰለ ዓይናር ያወጣል። ይህ የዓይን አለርጂ ነው፤ ሞቃትና አቧራማ በሆነ ስፍራ በልጆች፣ በተለይም በወንዶች ላይ ይበዛል። ለጎረቤት ልጅ የታዘዘ ጠብታ ይሰጠዋል፤ ቅላቱ በ2 ቀን ይጠፋል። ከዚያ ባሰበት ቁጥር ያው ጠብታ ከመድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ ይገዛለታል። ወሮች፣ አንዳንዴም ዓመታት ያልፋሉ። ልጁ ሰሌዳው አልታይ ብሎት ሲመጣ የዓይን ግፊቱ ከፍ ብሎ የማየት ነርቩ ተጎድቷል።

ጠብታው ዴክሳሜታዞን፣ ቤታሜታዞን፣ ፕሬድኒሶሎን ወይም ፍሎሮሜቶሎን ሊሆን ይችላል። እነዚህ ስቴሮይድ የሚባሉ መድኃኒቶች ናቸው። ብዙ ጊዜ ከጀርም ገዳይ (ለምሳሌ ከኒዮማይሲን፣ ከጄንታማይሲን፣ ከክሎራምፌኒኮል ወይም ከቶብራማይሲን) ጋር በአንድ ጠርሙስ ተቀላቅለው ስለሚሸጡ ሰው «አንቲባዮቲክ ነው» ብሎ ይገዛቸዋል። በዓይን ሐኪም ክትትል ሲሰጡ ዓይን ያድናሉ። ያለ ክትትል ግን፦

• የዓይን ግፊት ከፍ በማድረግ ግላኮማ ያመጣሉ። ግፊቱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሊጨምር ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜም አያምም። በግላኮማ የጠፋ እይታ አይመለስም።
• የዓይን ሞራ ግርዶሽ ያፋጥናሉ።
• ዓይኑ ላይ የፈንገስ ወይም የሄርፒስ ቁስል ካለ ያባብሱታል፣ ዓይኑንም ሊያጠፉት ይችላሉ።

ቤትዎ ያለው ጠርሙስ ላይ ከእነዚህ ስሞች አንዱን ካዩና ያለ ሐኪም ትዕዛዝ እየተጠቀሙበት ከሆነ ጠርሙሱን ይዘው ይሂዱና የዓይን ግፊት እንዲለካ ይጠይቁ። ሐኪም አዝዞልዎት ከሆነ ደግሞ በራስዎ አያቋርጡ፤ የክትትል ቀጠሮዎን ይጠይቁ።

ለአለርጂው የሚረዳው ዓይን አለማሸት፣ በቀዝቃዛ ንጹሕ ጨርቅ መያዝ፣ ከአቧራ ሲመለሱ ፊት መታጠብና ለአለርጂ የሚታዘዙ እንደ ኦሎፓታዲን ወይም ሶዲየም ክሮሞግላይኬት ያሉ ጠብታዎች ናቸው። ማሸት ራሱ በጊዜ ብዛት የዓይንን የፊት ጥርት ያለ ሽፋን (ኮርኒያ) ቅርጽ ያበላሻል።

ሰው ሠራሽ እንባና ቅላት አጥፊ ጠብታ

ዓይን ለሚደርቅበት ሰው ሰው ሠራሽ እንባ ጥሩ መፍትሔ ነው። ማቆያ ኬሚካል ያለበት ከሆነ በቀን ከ4 ጊዜ በላይ አይጨመርም፤ ከዚያ በላይ የሚያስፈልገው ሰው ማቆያ የሌለበትን ይጠይቅ። ንጽሕናው ግን ቀላል ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 አሜሪካ ውስጥ በጀርም ከተበከለ ሰው ሠራሽ እንባ ጋር በተያያዘ ወረርሽኝ 81 ሰዎች ታመው 14ቱ እይታ አጥተዋል፣ 4ቱ ሞተዋል። ስለዚህ ክዳኑ ቀድሞ የተከፈተ ወይም ማሸጊያው የተጎዳ ጠብታ አይግዙ።

ናፋዞሊን ወይም ቴትራሃይድሮዞሊን ያለባቸው ቅላት አጥፊ ጠብታዎች የደም ሥሮችን ያጠባሉ እንጂ በሽታውን አያድኑም። ከጥቂት ቀን በላይ ሲወስዷቸው ቅላቱ ብሶ ይመለሳል። ሕፃን ቢጠጣቸው አደገኛ ስለሆኑ ከፍ ባለ ቦታ ይቀመጡ።

የዓይን ሞራ ግርዶሽን የሚያሟሟ ጠብታ የለም። መፍትሔው ቀዶ ሕክምና ነው። የእናት ጡት ወተት፣ ማር፣ የቅጠል ጭማቂ ወይም የቀዘቀዘ ሻይም ዓይን ውስጥ አይገባም፤ ጀርም ይዞ ይገባል።

መነፅርና ኮንታክት ሌንስ

የፀሐይ መነፅር ሲገዙ ጥቁረቱን ሳይሆን «ዩቪ 400» የሚለውን ይፈልጉ። ጨረር የማይከላከል ጥቁር መነፅር ብሌን እንዲሰፋ ስለሚያደርግ ከምንም የባሰ ሊሆን ይችላል። ሐረር ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከፍታ ሲጨምር የፀሐይ ጨረርም ይጠነክራል። ሰፊ ባርኔጣም ይረዳል።

ከ40 ዓመት በኋላ ቁርኣን፣ መጽሐፍ ቅዱስ ወይም ስልክ ለማንበብ መቸገር የተለመደ ነው። ከሱቅ የሚገዛ የማንበቢያ መነፅር ዓይን አይጎዳም፤ ግን ግላኮማን ወይም የስኳር በሽታን ጉዳት አያሳይምና ምርመራን አይተካም። ልጅ ግን ሳይመረመር መነፅር አይገዛለትም።

ባለ ቀለም ኮንታክት ሌንስ ለአንድ ቀን ሠርግ ቢሆንም የሕክምና ዕቃ ነው። ሳይለኩ አይግዙ፣ አይዋዋሱ፣ አድርገውት አይተኙ፣ በውኃ ወይም በምራቅ አያጥቡት። ዓይን ከቀላ ወይም ካመመ ወዲያው ያውጡትና ይመርመሩ።

ጠብታ እንዴት ይጨመራል?

1. እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። የጀሪካን ውኃ ከሆነ እያፈሰሱ ይታጠቡ፤ እጅ አይንከሩበት።
2. ቀና ብለው የታችኛውን የዓይን ቆብ ወደ ታች ይሳቡ።
3. አንድ ጠብታ ብቻ ይጨምሩ። ዓይን ከአንድ በላይ አይይዝም፤ የቀረው ይፈሳል።
4. የጠርሙሱ ጫፍ ዓይንን፣ ሽፋሽፍትን ወይም ጣትን አይንካ።
5. ዓይንዎን ጨፍነው በአፍንጫ በኩል ያለውን የዓይን ጥግ ለ1 እስከ 2 ደቂቃ በቀስታ ይጫኑ።
6. ሁለት ዓይነት ጠብታ ካለ በመሃሉ 5 ደቂቃ ይጠብቁ። ቅባት የመጨረሻ ነው።

ሲከፍቱት ቀኑን በጠርሙሱ ላይ ይጻፉ። አብዛኛው ጠብታ ከተከፈተ ከ4 ሳምንት በኋላ ይጣላል፤ ቢተርፍም። የግላኮማ ጠብታ የሚወስዱ ግን ያለቀው በአዲስ ይተካ እንጂ ሕክምናው አይቋረጥም።

ኖራ፣ በረኪናና በርበሬ

የጁገል ቤቶች ግድግዳ በበዓል ሰሞን ኖራ ሲቀባ ልጆች አጠገብ አይቁሙ፤ የሚቀባውም ሰው የመከላከያ መነፅር ያድርግ። ኖራ ዓይንን በደቂቃዎች ውስጥ ያቃጥላል፤ በረኪናም እንዲሁ።

ዓይን ውስጥ ከገባ መጀመሪያ መታጠብ ነው፤ ወደ ሆስፒታል መሄድ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ቆቡን ከፍተው ከጀሪካንም ሆነ ከቧንቧ በሚፈስ ንጹሕ ውኃ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ ያጥቡ፤ የኖራ ቅንጣት ካለ በውኃው ይውጣ። ወተት፣ ቅቤ ወይም ቅባት አይጨምሩ። ከዚያ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፤ ከተማው ውስጥ ሕይወት ፋናና ጁገል ሆስፒታሎች አሉ። በርበሬ በጣም ቢያቃጥልም ብዙውን ጊዜ በውኃ ታጥቦ ይሻለዋል።

በዚያው ቀን መታየት ያለበት

• እይታ በድንገት ሲደበዝዝ ወይም ሲጠፋ
• ኃይለኛ ሕመም፣ በተለይ ከራስ ምታትና ከማስመለስ ጋር
• ዓይኑ ላይ ነጭ ነጥብ ወይም ቁስል ሲታይ
• ዓይን ሲመታ ወይም ባዕድ ነገር ሲሰካበት (አይጎትቱት)
• ከ1 ወር በታች የሆነ ሕፃን ዓይኑ ሲያብጥ ወይም መግል ሲያወጣ
• ሕፃን ብሌኑ ውስጥ ነጭ ሲያበራ ከታየ

እንዲህ ባለ ጊዜ ቤት ያለ ጠብታ አይሞክሩ። የሚባክነው ጊዜ እይታ ያስከፍላል።

ዛሬ ማታ ምን ያድርጉ?

ቤት ያለውን ሁሉ አንድ ጠረጴዛ ላይ ያውጡ። ስሙ የማይነበበውን፣ ጊዜው ያለፈበትን፣ ከ4 ሳምንት በፊት የተከፈተውንና ለሌላ ሰው የታዘዘውን ይለዩ፤ ሲመቻችሁ ወስዳችሁ ለመድኃኒት ቤት ባለሙያ አሳዩ። የተጠራጠሩትን ምርት ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በነፃ የስልክ መስመር 8482 መጠቆም ይቻላል። ጠረጴዛው ላይ ጥቂት ነገር ብቻ ቢቀር አይገርምም፤ ለብዙ ቤተሰብ በየቀኑ የሚያስፈልገው የዓይን እንክብካቤ ንጹሕ ውኃ፣ ሳሙናና ለየብቻ የሆነ የፊት ፎጣ ነው።