ዘጠና አራት ላይ የቆመው መስመር

ጠጋ በሉማ። የዛሬው ትረካ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ካለ አንድ የጡብ ቤት ይነሣል። ቤቱ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከተሠሩት አንዱ ነው፤ ግድግዳው ወፍራም፣ ምድር ቤቱ ሰፊ። እመቤቲቱ ሌሊት ሆስፒታል የምትሠራ ነርስ ናት። ባሏ ቀን እየነዳ ማታ በኢንተርኔት ይማራል። ልጃቸው ሃይስኩል ነው። አብረዋቸው የሚኖሩት የእሷ አባት ደግሞ ዕድሜያቸውን አገር ቤት የስልክ መስመር ሲዘረጉና ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። በመጨረሻዎቹ የሥራ ዓመታቸው ለመሥሪያ ቤቶች የኮምፒውተር ገመድ ሲያስገቡም ነበር። እኔ ጋሼ ነው የምላቸው፤ እዚህም ጋሼ እንበላቸው።

ቤተሰቡ ፋይበር አስገባ። ውሉ በሰከንድ 500 ሜጋቢት፣ በአጭሩ 500 ሜጋ ይላል። ፎቅ ላይ፣ የልጁ መኝታ ቤት፣ በስልክ ሲለካ ግን 38። አባወራው ፈተና ላይ ተቀምጦ ምስሉ ይቆምበታል። ሚስቱ ድርጅቱ ጋ ደወለች። «ሞደሙን አጥፍተሽ አብሪው» አሏት። አጠፋች፣ አበራች፣ ያው ነው። ደግማ ስትደውል ስልኩን ያነሣችው ሠራተኛ «ወደ 1 ጊጋ ብታድጉ ይሻላል» አለቻት። አደጉ። ክፍያው ጨመረ። ፎቅ ላይ ያለው ቁጥር ንቅንቅ አላለም።

እዚህ ላይ ሳልናገር አላልፍም። ሁለት ፈረቃ ሠርቶ የሚያድርን ቤተሰብ፣ ችግሩ የት እንዳለ ሳይለኩ «ጨምረህ ክፈል» ማለት ትልቅ በደል ነው። ብዙ ወገኖቻችን እንዲህ ሆነው በየወሩ ይከፍላሉ፤ እንግሊዝኛው ስለሚያደክማቸው፣ ጊዜም ስለሌላቸው አይከራከሩም።

ጋሼ ይህን ሁሉ ዝም ብለው ሲያዩ ከረሙ። አንድ ቅዳሜ ቡና ተፈልቶ እኔም ተቀምጫለሁ፤ የልጅ ልጃቸውን ጠሩት።

«እስቲ ና፤ ያንን ቁጥር የት ሆነህ ነው የለካኸው?»

«አልጋዬ ላይ ነዋ፣ አባባ።»

«ፋይበሩ አልጋህ ድረስ ገብቷል?»

«አልገባም።»

«እንግዲያ የለካኸው ፋይበሩን አይደለም።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው የድሮ ሥራቸውን አወሩኝ። መስመር ሲበላሽ ምሰሶውን ሁሉ አይወጡም። መሐሉ ላይ ይወጡና ይሞክራሉ። ወደ ከተማው በኩል ደህና ከሆነ ብልሽቱ በወዲያኛው በኩል ነው፤ የቀረውን ደግሞ ለሁለት ይከፍሉታል። እንዲህ እያሉ ረጅሙን መንገድ በጥቂት መውጣትና መውረድ ይጨርሱታል።

የዚህ ቤት መሐል ሳሎን ነበር። ፋይበሩ ከውጭ መጥቶ ምድር ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለች ነጭ ሳጥን ውስጥ ይገባል፤ ባለሙያዎቹ ኦኤንቲ ይሏታል፤ ብርሃኑን ወደ ኤሌክትሪክ የምትለውጠው እሷ ናት። ከእሷ ተነሥቶ፣ የቀድሞው ባለቤት በግድግዳ ውስጥ ያሳለፈው የኔትወርክ ኬብል ሳሎን ወዳለው ራውተር ይወጣል። ፎቁ ዋይፋይ የሚያገኘው ከራውተሩ ነው።

ጋሼ በመጀመሪያ የቤቱን ስልክና ቴሌቪዥን ሁሉ ከዋይፋይ አስወጡ፤ አንዱ ፊልም እየጎተተ ሌላው ቢለካ ቁጥሩ አይታመንም። ላፕቶፑን በኬብል ከራውተሩ ጋር አገናኙት። ላፕቶፑ የራሱ የኬብል መሰኪያ ያለው አሮጌ ነገር ነው፤ ይህም ጥሩ ሆነ፤ ገበያ ላይ ያለው አንዳንዱ ርካሽ አስማሚ ራሱ ከ100 አያሳልፍም። ለኩ። 94።

ልጁ ደስ አለው። «ከ38 ይሻላል!»

ጋሼ ግን መነጽራቸውን አስተካክለው ቁጥሩን ደጋግመው አዩት። እንደገና አስለኩ። 94። ለሦስተኛ ጊዜ። ያው 94።

«መንገድ ሲጨናነቅ ቁጥሩ ይዋዥቃል» አሉ። «አንዴ 60፣ አንዴ 130 ይሆናል። ይህ ግን አይነቃነቅም። ይህ የገመድ ቁጥር ነው።»

ምን ማለታቸው ነው? የኔትወርክ መሰኪያዎች ሲገናኙ በምን ፍጥነት እንደሚነጋገሩ ይስማማሉ፤ 100 ወይም 1,000 ሜጋ፣ ወይም ከዚያ በላይ። በ100 ከተስማሙ ከዚያ ውስጥ አምስት ስድስቱ እጅ ለየእሽጉ አድራሻና በእሽጎቹ መካከል ለሚተወው ክፍተት ይሄዳል፤ ለተጠቃሚው የሚደርሰው 94 ገደማ ነው። በ1,000 ከተስማሙ ደግሞ 940 ገደማ። የልጁ የጌም ማጫወቻ እዚያው ሳሎን በኬብል የተሰካ ነው፤ ሲያወርድ በሰከንድ 11 ሜጋባይት ላይ ተገትሮ ይቀራል ብሎ ሲማረር ነበር። አንድ ባይት ስምንት ቢት ስለሆነ፣ 11 ከምናምኑ በስምንት ሲባዛ እዚያው 94 ላይ ይመጣል። ማስረጃው ከመጀመሪያው ቤቱ ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

ወደ ምድር ቤት ወረድን። ከሳጥኗ ጀርባ ቀጭን ቢጫ ገመድ ገብቷል። ልጁ ሊነቅለው እጁን ሲዘረጋ ጋሼ ቆጣ ብለው መለሱት። በዚያ ገመድ ውስጥ ያለው ብርሃን ለዓይን አይታይም፤ ወደ ጫፉ ማየት ደግሞ አይገባም። ጫፉ ላይ የሚያርፍ አቧራም ብርሃኑን ይጋርዳል፤ አጥብቆ ማጠፍ ደግሞ ብርሃኑን ያፈስሰዋል። ጋሼ ዕድሜያቸውን በመዳብ የሠሩ ሰው ናቸውና ቢጫውን ገመድ በአክብሮት ነበር የሚያዩት። እኔም ያወቅሁትን ነገርኳቸው፤ በ1966 እ.ኤ.አ. ቻርልስ ካዎ ከጆርጅ ሆካም ጋር ሆኖ፣ መስታወት በሚገባ ከጠራ ድምፅና መልእክት በብርሃን ሩቅ ሊያደርስ እንደሚችል ማስላቱን፣ ከአራት ዓመት በኋላ ኮርኒንግ የተባለው ኩባንያ ያን የመሰለ መስታወት መሥራቱን፣ ካዎም በ2009 የኖቤል ሽልማት ማግኘቱን። ብርሃኑ የሚሄድበት የመስታወቱ እምብርት ዘጠኝ ማይክሮን ያህል ብቻ ነው፤ ከጠጉር እጅግ የቀጠነ። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁና «በዚህች ክር አገር ሁሉ ያወራል» አሉ።

ቢጫውን ሳንነካ፣ ወደ ሳሎን የሚወጣውን ኬብል ብቻ ነቅለን ላፕቶፑን በአጭር አዲስ ኬብል ሳጥኗ ላይ ሰካን። ላፕቶፑን እንድትቀበለው ሳጥኗን አጥፍተን ማብራት ነበረብን። ለካን። 938።

ቤቱ ውስጥ ጩኸት ሆነ። ነርሷ ሌሊት ሠርታ ተኝታ ነበር፤ በጩኸቱ ነቅታ ወረደች።

«አባዬ፣ ምን ተገኘ?»

«መስመሩ ደህና ነው፣ ልጄ። ብልሽቱ ከዚህ እስከ ሳሎን ነው።»

ማታ ሰው ሁሉ ቤቱ በሚገባበት ሰዓትም እዚያው ወርደው ደግመው ለኩ፤ ያው ሆነ። ይህን ማድረጋቸው ልክ ነበር። አንድ የፋይበር ክር ሰፈር ውስጥ ተከፋፍሎ ለ32 ወይም ለ64 ቤት ሊዳረስ ይችላል፤ በብዙ ቦታ በሚሠራበት ጂፖን በሚባለው ሥርዓት ሁሉም የሚካፈሉት 2.5 ጊጋ ያህል ነው። ቀን ደህና ሆኖ ማታ ሳጥኗ ላይ በኬብል ሲለካ ቢወርድ ኖሮ ጥፋቱ የድርጅቱ ይሆን ነበር። እንዲያ የሆነበት ሰው ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ በኬብል መለካቱን ጽፎ፣ የስክሪኑን ፎቶ ይዞ ይደውል። ድርጅቱ ካልሰማው የአሜሪካው የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ኤፍሲሲ አቤቱታ በነፃ ይቀበላል፤ ድርጅቱም አቤቱታው በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። ይህን የማያውቁ ብዙ ናቸው፤ እባካችሁ ንገሯቸው።

የጋሼ ጉዳይ ግን ግድግዳው ውስጥ ነበር። ሳሎን ያለውን መሰኪያ ፈትተው አወጡት። ኬብሉ ስምንት ቀጫጭን ሽቦ አለው፤ ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ ብርቱካናማ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ቡናማ። 100 ሜጋ የሚሠራው በብርቱካናማውና በአረንጓዴው ብቻ ነው። ጊጋ ግን አራቱንም ጥንድ ይፈልጋል። ሰማያዊዋ ሽቦ መሰኪያው ጥርስ ሥር ተበጥሳ ቆማለች። ስለዚህ ሁለቱ መሣሪያዎች ጊጋ ሞክረው ሲያቅታቸው ወደ 100 ወርደው ተስማሙ። ቀይ መብራት የለም፣ መቆራረጥ የለም፤ ቤተሰቡ የሚጠረጥርበት ምንም ምልክት አልነበረም። የራውተሩ ገጽ ላይ ግን መግቢያው «100» ተብሎ ተጽፎ ነበር።

ጋሼ ከሆም ዲፖ አዲስ መሰኪያ አስመጥተው፣ ኬብሉን ትንሽ ቆረጥ አድርገው ስምንቱንም እንደየቀለማቸው አስገቡ። እጃቸው ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤ ሽቦው ሲገባ ግን አይንቀጠቀጥም። ሳሎን ላይ 940 መጣ።

ፎቅ ላይስ? 38 የነበረው 41 ሆነ። ልጁ ፊቱ ወደቀ። ጋሼ ግን የጠበቁት ነበር፤ ሁለት ብልሽት አንዱ አንዱን ሸፍኖ ይቀመጣል። የቤቱ አሮጌ ልስን ሥር የብረት መረብ አለ፤ ዋይፋይ እሱን ማለፍ ይከብደዋል። ራውተሩ ደግሞ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ተሸጉጧል። ከዚያ ቢያወጡት 5 ጊጋኸርዝ የሚባለው ፈጣኑ ሞገድ ደረጃው ድረስ ደረሰ እንጂ ግድግዳውን አላለፈም፤ ስልኩ ወደ 2.4 ተመለሰ፤ እሱ ግድግዳ በተሻለ ያልፋል፣ ግን ዘገምተኛ ነው፣ የጎረቤት ዋይፋይ ሁሉ የተጨናነቀበትም ነው። ልጁ ርካሽ የዋይፋይ ማራዘሚያ እንግዛ አለ። ጋሼ እምቢ አሉ፤ አብዛኛው ርካሽ ማራዘሚያ በአንዱ ሬዲዮ እየሰማ በዚያው ስለሚናገር ፍጥነቱን በግማሽ ያህል ይቀንሰዋል። ከምድር ቤት በአሮጌው የቴሌቪዥን ገመድ ቀዳዳ አዲስ ኬብል ወደ ፎቅ ሳቡና ሁለተኛ የዋይፋይ መሣሪያ ተከሉ። መኝታ ቤቱ ውስጥ ስልኩ ከ400 በላይ አሳየ።

እሑድ አዲስ አበባ ወንድማቸው ጋ በቪዲዮ ደወሉ። ምስሉ ቆመ። ሁላችንም ወደ እሳቸው አየን።

«ይሄኛው የዚህ ቤት አይደለም» አሉ።

እውነታቸውን ነው። ብርሃን በመስታወት ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ከዋሽንግተን አዲስ አበባ በቀጥታ እንኳ 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ደርሶ መልስ ከ110 ሚሊሰከንድ በታች በምንም አይሆንም፤ የባሕር ኬብል ደግሞ በቀጥታ አይሄድም። ኢትዮጵያ የባሕር በር ስለሌላት ኢንተርኔቷ በጎረቤት አገሮች አልፎ ነው ከባሕር ኬብል የሚገናኘው። በ2024 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ቀይ ባሕር ውስጥ ቢያንስ ሦስት ኬብሎች ሲበጠሱ በአካባቢው ብዙ ትራፊክ መንገድ መቀየር ግድ ሆኖበት ነበር። በዚያኛው ጫፍ ደግሞ ወንድማቸው በሞባይል ዳታ ነው የሚያወሩት። ጋሼ ምስሉን ዘግተው በድምፅ ቀጠሉ፤ ድምፅ ጥቂት ነው የሚፈልገው፤ ረጅም ሰዓት አወሩ።

ሰኞ ነርሷ ድርጅቱ ጋ ደወለችና ወደ 500 እንዲመልሷት ጠየቀች። ሠራተኛው ለምን ብሎ ጠየቃት። አባቷ ቀኑንና ቁጥሩን የጻፉበትን ወረቀት አነሣችና በየተራ አነበበችለት፤ ምድር ቤት፣ ሳሎን፣ ፎቅ። ከዚያም 1 ጊጋው ከተሸጠላቸው ቀን ጀምሮ የከፈሉት ትርፍ እንዲመለስላቸው ጠየቀች። ኃላፊው እንዲያናግራት መስመሩን አስተላለፈላት፤ ጋሼ ወንበራቸውን ሳብ አድርገው አጠገቧ ተቀመጡ።