የሳክስፎኑ ደመወዝ

ዩቲዩብ ላይ የ1960ዎቹን ዘፈኖች ከፍታችሁ ከስር የተጻፈውን አስተያየት ብታነቡ፣ አንድ ዓይነት ቁጭት ታገኛላችሁ። ያኔ የሚዘፈነው ለጥበብ ነበር፣ አሁን ግን ለገንዘብ ነው የሚል። ቁጭቱ ይገባኛል፤ ታሪኩ ግን ልክ አይደለም። ያኔም ገንዘብ ነበር። ልዩነቱ ገንዘቡ ከመንግሥት በጀት መምጣቱ ነው። በእኛ በሶፍትዌሮቹ ሥራ ሰርቨሩ እስኪቆም ድረስ ሂሳቡን ማን እንደሚከፍል የሚጠይቅ የለም። ስለ ወርቃማው ዘመን ስናወራም እንደዚያው ነን።

እስቲ ጌታቸው መኩሪያን እንውሰድ። ሽለላና ፉከራን በሳክስፎን የተጫወተው፣ በስተርጅና ከሆላንድ የመጡ የፓንክ ሮክ ሙዚቀኞች አብረውት ለመጫወት የፈለጉት ሰው። በ1940ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ ጀመረ። በ1948 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ገባ፤ በ1950ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ወደ ፖሊስ ኦርኬስትራ ተዛወረ። ማዘጋጃ ቤት፣ ቴአትር ቤት፣ ፖሊስ። ሲቪውን ብቻ ያየ ሰው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሊመስለው ይችላል። ያንን የሚያስፈራ ድምፅ ያወጣው ግን በወር ደመወዝ እየኖረ ነው።

ነገሩ የጀመረው ቀደም ብሎ ነው። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም በሄዱ ጊዜ፣ ወላጆቻቸውን በጭፍጨፋ ያጡ የአርመን ልጆች በትንፋሽ መሣሪያ ሲጫወቱ ሰሙ። ወደዷቸውና ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። እስከ ዛሬ «አርባዎቹ ልጆች» ይባላሉ። አብሯቸው የመጣው አስተማሪ ኬቮርክ ናልባንዲያን ለመጀመሪያው ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰ ሰው ነው። የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ በማዘጋጃ ቤቱ፣ በቴአትር ቤቱና በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ለብዙ ዓመታት አስተማረ፣ አቀናበረ።

እዚህ ነርሲስ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ የሚረሳው የእሱ ዓይነት ሥራ ነው። የእኛን ባለ አምስት ድምፅ ቅኝቶች በምዕራባዊ ስልት ለተደራጀ የትንፋሽ ኦርኬስትራ መጻፍ ቀላል አልነበረም። ዜማው አገርኛነቱን ሳያጣ ትራምፔቱም፣ ትሮምቦኑም፣ ሳክስፎኑም የየራሱን መስመር ይዞ መሄድ አለበት። ይሄ ሙከራ ነው፣ ልምምድ ነው፣ ኖታ ማስነበብ ነው፤ ዓመታት ይፈጃል። የሙዚቃ ቤት ደንበኛ ለዚህ አይከፍልም። ለሚሰማው ዘፈን ነው እንጂ ዘፋኙን ላጀበው ሰው የሦስት ዓመት ልምምድ ማን ይከፍላል? የከፈለው መንግሥት ነው።

በ1948 ዓ.ም. ለንጉሡ የዘውድ ኢዮቤልዩ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ተከፈተ። (ሕንጻው በጣሊያን ጊዜ ለሲኒማ ተብሎ የተጀመረ ነበር።) ከዚያ በኋላ ፉክክሩ ደራ። ክቡር ዘበኛ የራሱ ኦርኬስትራ አለው፣ ፖሊስ የራሱ፣ ጦር ሠራዊቱ የራሱ። ጥላሁን ገሠሠ ከሀገር ፍቅር ወደ ክቡር ዘበኛ ሄደ። ማታ ማታ ደግሞ የክቡር ዘበኛ ሙዚቀኞች አሪዞና ክለብ ይጫወቱ ነበር። አንድ ምሽት ዘፋኞቹ ሲቀሩ፣ እዚያው ክለብ ውስጥ ተላላኪ የነበረ ወጣት ልዝፈን አለ። ማሕሙድ አሕመድ ነው። ብዙም ሳይቆይ እሱም የክቡር ዘበኛ ሆነ።

ዋጋው ግን ከባድ ነበር። ደመወዝ ከፋዩ ሰውየውንም የራሱ ንብረት አድርጎ ያያል። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ክቡር ዘበኛ መፈንቅለ መንግሥት ሲሞክር፣ ከከሸፈ በኋላ ጥላሁን ታሰረ። ወንጀሉ እዚያ መቀጠሩ ነበር ማለት ይቻላል። ሸክላ የማሳተም መብትም በሕግ ለሀገር ፍቅር ብቻ የተሰጠ ነበር። በ1961 ዓ.ም. አምሐ እሸቴ የሚባል በሃያዎቹ ዕድሜ ያለ ልጅ ያንን ሕግ ችላ ብሎ የራሱን ሙዚቃ አሳታሚ ድርጅት አቋቋመ፤ ሸክላዎቹን ህንድ ልኮ አሳተመ። እኔ ከዚህ ታሪክ ሁሉ በጣም የምወደው ይሄን ድፍረት ነው። ግን ልብ በሉ፦ መጀመሪያ ያሳተመው የአለማየሁ እሸቴን ዘፈን ነው፤ አለማየሁ ደግሞ የፖሊስ ኦርኬስትራ ልጅ ነበር። የግሉ ድርጅት የሸጠው በመንግሥት ገንዘብ የበሰለውን ነው። በዚህ አምሐን አልወቅስም፤ መንግሥት ያበሰለውን ራሱ ቆልፎበት ነበርና።

ደርግ ሲመጣ ገንዘቡ አልቆመም፤ እንዲያውም ወደ ቀበሌ ወረደ። በየቀበሌው የኪነት ቡድን ተቋቋመ፣ በ1980 ዓ.ም. «ሕዝብ ለሕዝብ» አውሮፓና አሜሪካን ዞረ። ብዙ ድምፃዊ ከኪነት ወጥቷል። ግን ምን እንደሚዘፈን የሚወስነው ካድሬው ነው፤ ማታ ደግሞ ሰዓት እላፊ አለ። አሪዞና ዓይነት ቦታ፣ ሙዚቀኛው ከአለቃው ዓይን ርቆ የሚሞክርበት፣ ጠፋ። አምሐም አገር ጥሎ ወጣ። ለእኔ ከበጀቱ ይልቅ የጎዳን የዚህ የሌሊት ቦታ መዘጋት ይመስለኛል።

ከዚያ የካሴቱ ዘመን ነው። አልበም የሚያወጣው ነጋዴ ሂሳቡን ሠራ፦ ስምንት የትንፋሽ ተጫዋች ቀጥሮ ከማስለማመድ አንድ ኪቦርድ ይረክሳል። ትክክል ነው፣ ይረክሳል። ኪቦርዱ ላይ «ትራምፔት» የሚል ቁልፍ አለ፤ ስትጫኑት ወደ ትራምፔት የሚጠጋ ድምፅ ያወጣል። በእነዚያ ካሴቶች ነው ብዙዎቻችን ያደግነው።