ቁጥሮቹን ማን ያጓጉዝ?

ፓይቶርችን ለጀማሪዎች ሳስተምር በየዙሩ የማይቀር ጥያቄ አለ። አንዱ ቴንሰር (የቁጥሮች ሰንጠረዥ) ሲፒዩ ላይ፣ ሌላው ጂፒዩ ላይ እያሉ ደምር ሲባል፣ ላይብረሪው ሁሉም በአንድ መሣሪያ ላይ መሆን ነበረባቸው ብሎ ይቆማል። «የት የት እንዳሉ ካወቀ ለምን ራሱ አያዛውራቸውም?» ይሉኛል። ስንፍና የሚመስላቸውም አሉ። እኔ ላይብረሪው ልክ ነው ባይ ነኝ፤ ምክንያቱ የሚገባው ግን ታሪኩን ሲያዩት ነው።

ጂፒዩው ያለበት የግራፊክስ ካርድ መጀመሪያ የተሠራው ለምስል ነው። የራሱ ሚሞሪ አለው፤ ከኮምፒውተሩ ዋና ሚሞሪ ጋር የሚገናኘው ፒሲአይ ኤክስፕረስ በሚባለው መስመር ነው። ኤንቪዲያ ካርዱን ለሌላ ሒሳብም የሚያውለውን ኩዳን እ.ኤ.አ. በ2006 መጨረሻ አስተዋውቆ በ2007 ሲለቀው፣ ማጓጓዙን ሙሉ በሙሉ ለፕሮግራመሩ ተወለት። ፕሮግራመሩ ካርዱ ላይ ቦታ ይይዛል፤ ኩዳ ሜምኮፒ የተባለውን ትእዛዝ ጠርቶ ከየት፣ ወዴት፣ ስንት ባይት፣ በየትኛው አቅጣጫ እንደሚሄድ አንድ በአንድ ይናገራል፤ ሲጨርስ ቦታውን ይለቃል። አንዱን ከዘነጋ የሚያስታውሰው የለም።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የዋጋ ጉዳይ ነበር። በ2010 የወጣው ጂቲኤክስ 580 ካርድ ከራሱ ሚሞሪ በሰከንድ 192 ጊጋባይት ገደማ ያነባል። ከዋናው ሚሞሪ የሚያመጣለት የዚያ ዘመን መስመር ግን ቢበዛ በሰከንድ 8 ጊጋባይት ነበር። ሃያ አራት እጥፍ ልዩነት ማለት ነው። ቁጥሮቹን ባስፈለጉ ቁጥር የሚያመላልስ ሰው ፈጣን ካርድ ገዝቶ በመስመሩ ፍጥነት ይሠራል።

በዚሁ ካርድ ነው እንግዲህ የቶሮንቶው አሌክስ ክሪዠቭስኪ ከኢልያ ሱትስኬቨርና ከጄፍሪ ሂንተን ጋር በ2012 አሌክስኔት የተባለውን የምስል መለያ ሞዴል ያሠለጠነው። የአንዱ ካርድ ሚሞሪ 3 ጊጋባይት ብቻ ስለነበር ሞዴሉ አልገባ አለ፤ በሁለት ካርዶች ላይ ከፈሉት። ካርዶቹ በዋናው ሚሞሪ ሳያልፉ አንዱ ከሌላው ማንበብ ይችሉ ነበር። ያም ሆኖ በየንብርብሩ አላገናኟቸውም፦ ሦስተኛው ንብርብር ከሁለቱም ካርዶች ይቀበላል፤ አራተኛው እዚያው ካርድ ላይ ካለው ብቻ። ሥልጠናው አምስት ስድስት ቀን ፈጀ። የሞዴሉን ቅርጽ ያወጣው ሒሳቡ ብቻ አልነበረም፤ የማጓጓዣው ዋጋም እጁ አለበት። ስለ አሌክስኔት የሚጻፉ ብዙ ጽሑፎች ይህን ዘለው ሲያልፉ ይቆጨኛል።

የማጓጓዙን ሸክም ከፕሮግራመሩ ላይ ለማንሳት የሞከሩ ግን ከፓይቶርች በፊትም ነበሩ። የሞንትሪያሉ ላይብረሪ ቲያኖ ሒሳቡን በፓይተን ያስጽፍና ወደ ካርዱና ከካርዱ የሚያዛውሩትን እርምጃዎች ራሱ ያስገባል። ምቹ ነበር። ሥራው የተንቀራፈፈበት ሰው ግን የተዘረዘረውን ስሌት አስወጥቶ የትኛው ዝውውር ሳያስፈልግ እንደገባ መልቀም ነበረበት። ያንግቺንግ ጂያ በበርክሌይ የጀመረው ካፌ ደግሞ እንደ መጋዘን ሹም መዝገብ ይይዛል፦ አዲሱ ቅጂ ሲፒዩ ጋ ነው፣ ጂፒዩ ጋ ነው ወይስ ሁለቱም እኩል ናቸው? ኮፒ የሚያደርገው አንዱ ወገን ሲጠይቅ ብቻ ነው። ለኔ ከዚያ ዘመን ኮድ ሁሉ እጅግ ያማረው ይህ ነው። በ2015 የወጣው ቴንሰርፍሎው ስሌቱ ከመሣሪያ ወደ መሣሪያ በሚሻገርበት ሁሉ የላኪና የተቀባይ ኖድ በራሱ ይተክላል።

በጥር 2017 ይፋ የሆነው ፓይቶርች የሄደው በተቃራኒው ነው። ከቀዳሚው ከቶርች የወረሰው ልማድ ዝውውሩን በኮዱ ውስጥ በግልጽ መጻፍ ነበር። በመጀመሪያ «ኩዳ» የሚል ትእዛዝ በየቴንሰሩ ላይ ይለጠፍ ስለነበር፣ ጂፒዩ ለሌለው ኮምፒውተር ኮዱን በ«ካለ» እና «ከሌለ» መክፈል ግድ ነበር። በሚያዝያ 2018 የወጣው 0.4 እትም ከዚህ ገላገለን፦ መሣሪያው አንዴ ከላይ ይሰየማል፤ ከዚያ በኋላ «ቱ» ብሎ ወደዚያ መላክ ነው።

ዝም ብሎ አለማዛወሩ ግን አልተቀየረም። ግትርነት እንዳልሆነ የሚያሳየው አንድ ነገር አለ፦ ሲፒዩ ላይ ያለው ቴንሰር ምንም ልኬት የሌለው ነጠላ ቁጥር ከሆነ፣ ጂፒዩ ላይ ካለው ጋር ያለ ምንም ተቃውሞ ይደመራል። ነጠላ ቁጥር ማሻገር ምንም አያስከፍልማ። ትልቁን ሰንጠረዥ ግን ሳትጠይቀኝ አላጓጉዝም ይላል። በሺህ ዙር መሐል የተደበቀ ዝውውር ስህተት ሆኖ አይታይም፤ ዝግታ ብቻ ነው የሚሆነው። እኔ ከዝግታው የስህተት መልእክቱን እመርጣለሁ።

ልማዱ ጂፒዩ ወደማያውቀው ሰፈርም ገብቷል። በ2024 የወጣው የፓይተን የቁጥር ላይብረሪ ነምፓይ 2.0 ለእንዲህ ያሉ ላይብረሪዎች የጋራ ደንብ ሲል የማዛወሪያ ትእዛዝ ጨምሯል፤ የሚቀበለው መድረሻ ግን ሲፒዩ ብቻ ነው። አፕል በታኅሣሥ 2023 ያወጣው ኤምኤልኤክስ ደግሞ ሲፒዩና ጂፒዩ አንድ ሚሞሪ በሚጋሩበት የራሱ ቺፕ ላይ ስለሚሠራ ቴንሰሩ የት እንደሚቀመጥ አይጠይቅም። መሣሪያው የሚነገረው ለስሌቱ ነው፤ በዚያው ሰንጠረዥ ላይ አንዱን ስሌት በሲፒዩ፣ ሌላውን በጂፒዩ ያለ ኮፒ ማስኬድ ይቻላል።